ኖት ወይስ ቦፎርት? የባሕር ነፋስ ማስጠንቀቂያ አነባበብ

የአክስቴ ልጅ የደሴ ልጅ ነው፤ አሁን መርከበኛ ሆኗል። አንድ ቀን "35 ኖት ማስጠንቀቂያ ወጥቷል" ብሎ ጻፈልኝ። የብር ኖት መስሎኝ ነበር! "ቦፎርት 8" ቢለኝስ ይሻል ነበር?

ኖት ፍጥነት ነው። 1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልኩ ቁርጥ ያለ ነው፤ ግን መለኪያ መሣሪያ ይፈልጋል።

ቦፎርት ከ0 እስከ 12 የሚሄድ ደረጃ ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው የአየርላንድ ተወላጅ ፍራንሲስ ቦፎርት እ.ኤ.አ. በ1805 ያወጣው ነው። ወጪ የለውም፣ ዓይን ይበቃል። 6 ላይ ማዕበሉ ይተልቃል፣ ነጭ አረፋ በየቦታው ይታያል። እኛ ጋ ደሴ ቢሆን ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ የባሕር ዛፉን ትልልቅ ቅርንጫፎች ያወዛውዛል፣ ፒያሳ ላይ ጃንጥላ አልያዝ ይላል። 8 ሲደርስ ቀንበጥ ይሰበራል፣ መራመድም ያታግላል። ይሄ ከ34 ኖት ይጀምራል።

ችግሩ ሌሊት ነው፤ ማዕበሉ በጨለማ በደንብ አይታይም። በሁለቱም ቢሆን የሚነገረው አማካይ ነው፤ ድንገት የሚመታው ከዚያ ይበልጣል።

በቀን፣ ከዳርቻ ሳይርቅ በትንሽ ጀልባ ለሚወጣ ቦፎርት ይቀላል። ሌሊት ለሚጓዝ፣ መሣሪያም ላለው መርከብ ኖት። ደሴ ተቀምጬ ለምጨነቀው ለእኔ? ቦፎርት። ባሕር ዛፉ ከመስኮቴ ይታየኛል።