የአዋሽ–ኮምቦልቻ ሀዲድ ሰው ያመላልስ የሚለው ሐሳብ ሲመዘን

ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው ሀዲድ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ሥራው በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ውል ነው፤ የሠራው የቱርኩ ያፒ መርከዚ ነው። እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል የሙከራ ባቡር ተነድቶበት ነበር። ግን ኤሌክትሪኩ ሳይደርስለት ቆየ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ደረሰበትና ተዘረፈ፣ ተጎዳ። አሁን የሚነሣው ሐሳብ፣ የዕቃ ጭነቱ ቢዘገይ እንኳ ቢያንስ ሠራተኛና ተማሪ የሚያመላልስ ባቡር ይነዳበት የሚል ነው። ለዚህ ሐሳብ ከ5 ኮከብ 3 ሰጥተነዋል። ሁለቱን ያስቀነሰው ከሀዲዱ ይልቅ የደሴ ነገር ነው።

ብዙ ሰው ባቡሩ ደሴ ይግባ ይላል። ምኞቱ ይገባል፤ ኮምቦልቻን ከደሴ የሚያገናኘውን የሐረጎ ዳገት በየጠዋቱ የሚወጣና የሚወርደው ሕዝብ ከሁሉም ይበልጣል። ሒሳቡ ግን እሺ አይልም። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናቸው። ባቡር ብረት በብረት ላይ የሚሄድ ስለሆነ ዳገት ያንሸራትተዋል፤ በ1,000 ሜትር 20 ሜትር መውጣት ለእሱ ትልቅ ዳገት ነው። በዚህ ልክ 650 ሜትር ለመውጣት ያለ እረፍት የሚወጣ ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ መስመር ያስፈልጋል፤ የመኪናው መንገድ ግን ወደ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ትርፉ ርዝመት የሚገኘው ተራራ በመዞርና ዋሻ በመቆፈር ነው። ይህ ያለውን ማስነሣት አይደለም፣ ሌላ ፕሮጀክት ነው። ለዚህኛው ኮከብ የለንም።

ሊሠራ የሚችለው ኮምቦልቻ–ከሚሴ ነው፤ ወደ 50 ኪሎ ሜትር፣ የቦርከናን ወንዝ ተከትሎ የሚወርድ ሸለቆ። በመካከል ያለችው ሀርቡ ላይ አጭር የመሳፈሪያ ወለል ቢጨመር ይበቃል። 4 ፉርጎ እያንዳንዱ 100 ሰው ቢይዝ ባለ 12 ወንበር ሚኒባስ ከ33 ጊዜ በላይ የሚያመላልሰውን በአንድ ጉዞ ያደርሳል።

መስመሩ የተሠራው ለ25 ኪሎ ቮልት ኤሌክትሪክ ስለሆነ ኃይሉ እስኪሟላ እንጠብቅ የሚሉ አሉ። አንስማማም። የአዲስ አበባ–ጅቡቲው መስመር ሳያልቅ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ለድርቁ የመጣውን እህል ከወደብ ያነሣው በናፍጣ ሎኮሞቲቭ ነበር። እዚህም 1 ሎኮሞቲቭ ለሥራ፣ 1 ለመጠባበቂያ ይዞ መጀመር ይቻላል። ደግሞም ኃይል ያልገባበት የመዳብ ሽቦ ለሌባ የተሰቀለ ገንዘብ ነው፤ ባቡር የሚመላለስበትን መስመር ግን ሰው ያየዋል፣ ይጠብቀዋል።

ከባዱ ሥራ ሀዲዱን ማዘጋጀት ነው። የኮንክሪት አግዳሚዎቹ በ60 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ቢደረደሩ በ1 ኪሎ ሜትር ወደ 1,667 ይሆናሉ። እያንዳንዱ ብረቱን ጨብጠው የሚይዙ 4 ማሰሪያዎች አሉት። እስከ ከሚሴ ሲሰላ ከ330,000 በላይ ማሰሪያ በእግር እየተሄደ አንድ በአንድ መታየት አለበት ማለት ነው። «ጥቂት ቢጎድል ምን አለበት?» የሚል ካለ ከሚሴ በእኩለ ቀን ብረቱን በእጁ ይንካ። የ1 ኪሎ ሜትር ብረት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር የሚይዘው ከሌለ ወደ 35 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ተበይዶ የተያያዘ ስለሆነ የሚረዝምበት ቦታ የለውም፤ ማሰሪያው በተከታታይ በጎደለበትና ጠጠሩ በሳሳበት በኩል እንደ እባብ ይጣመማል። ባቡር ከመስመር የሚወጣው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ዝገቱም ቀላል አይደለም። ባቡር መኖሩን በብረቱ በሚያልፍ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ የምልክት ሥርዓት፣ ላዩ ሲዝግ ባቡሩ ቆሞበት እንኳ መስመሩ ባዶ ነው ብሎ አረንጓዴ ሊያበራ ይችላል። ስለዚህ ሎኮሞቲቩ ሰው ሳይጭን ደጋግሞ ተመላልሶ ብረቱን እስኪያጠራው ድረስ በምልክት መታመን አይገባም፤ እስከዚያ በአንድ ጊዜ አንድ ባቡር ብቻ ይግባ። የውኃ ማሳለፊያ ቱቦዎቹ ከክረምት በፊት ይጠረጉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት አያስፈልግም፤ እስከ ከሚሴ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው፣ ለሰው ይበቃል።

በመስመሩ ላይ ባለው የጨፋ ሜዳ ሁለት ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። መሬቱ ረግረግና መረሬ ነው፤ በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ሀዲዱ አንዱ ጎን ዝቅ አለማለቱ በየወቅቱ መለካት አለበት። ሁለተኛው ከብት ነው። በበጋ ግጦሽ ፍለጋ ብዙ መንጋ ይወርዳል፤ አጥር ብቻ ማጠር እረኛውን አጥር ሰባሪ ማድረግ ነው። ከሀዲዱ ሥር ማሳለፊያ ያስፈልጋል፣ የት እንደሚሆንም እረኞቹ ራሳቸው ያሳዩ።

መለዋወጫ ከመጀመሪያው ቀን ይገዛ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ41 ባቡር ተጀምሮ ብዙዎቹ የቆሙት በዚሁ እጥረት ነው።

ወደ ደሴ እንመለስ። የጅቡቲው ባቡር ተሳፋሪ ለቡ ወርዶ ከተማ ለመግባት እንደገና ትራንስፖርት ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው ከባቡሩ የሚሸሸው ይህችን ቁራጭ መንገድ ፈርቶ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ይህ ከተደገመ ከሀርቡ ደሴ የሚሄድ ሰው ከቤቱ ደጅ ሚኒባስ ይይዛል እንጂ ባቡር አይጠብቅም። ስለዚህ ከጠዋቱ 12፡15 ከከሚሴ የሚነሣ ባቡር 1፡30 ኮምቦልቻ ሲደርስ የደሴ አውቶቡሶች ሞተር አስነሥተው ከመውረጃው ወለል 50 ሜትር ሳይርቁ ይጠብቁ፤ 1፡40 ይንቀሳቀሱ፤ ባቡሩ ከዘገየ እነሱም ይቆዩ። ትኬቱ ከከሚሴ እስከ ደሴ አንድ ይሁን። ሚኒባሶቹንም ተወዳዳሪ ከማድረግ ይልቅ የሐረጎን ዳገት ጉዞ በውል ለእነሱ መስጠት ነው። ይህ በውሉ ውስጥ ተጽፎ ካየን አራተኛውን ኮከብ ያኔውኑ እንጨምራለን።