በጫካው ፍጡርና በአዳኟ መካከል፦ «አሽ» የተሰኘው ልብ ወለድ

ማሊንዳ ሎ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመችው «አሽ» የሲንደሬላን ተረት እንደ አዲስ የሚተርክ ልብ ወለድ ሲሆን፣ ልጅቷ ልቧን የምትሰጠው ለልዑሉ ሳይሆን የንጉሡ አዳኞች አለቃ ለሆነችው ለካይሳ ነው። አሽ እናቷን፣ ከዚያም አባቷን በሞት ታጣለች፤ የእንጀራ እናቷም የአባቷን ዕዳ በጉልበቷ እንድትከፍል ገረድ ታደርጋታለች። ሐዘን የጠናባት ልጅ ወደ ጫካው መመላለስ ስታበዛ ሲድሂያን ከተባለ ፌሪ ጋር ትተዋወቃለች።

ፌሪ ሲባል ክንፍ ያላት ትንሽዬ ፍጡር ትታወሰን ይሆናል፤ በአየርላንድና በስኮትላንድ አፈ ታሪክ ግን ፌሪዎች ቁመታቸው የሰው፣ ውበታቸው የሚያስፈራ፣ ከጉብታ ሥር የሚኖሩና ለሰጡት ሁሉ ዋጋ የሚያስከፍሉ ናቸው፤ ከጭፈራቸው የገባ ሰው አንድ ሌሊት የመሰለው ጊዜ ብዙ ዓመት ሆኖ ያገኘዋል። ሔዋን ከሠላሳ ልጆቿ እጅግ ውብ የነበሩትን 15ቱን ከፈጣሪ ስለ ሸሸገች እነርሱ ተሰውረው ቀሩ፣ ዛሮችም ሆኑ የሚለውን የአገራችንን ትረካ የሰማ አንባቢ እነዚህ ፍጡራን እንግዳ አይሆኑበትም። አይስላንዶችም ስለ ስውር ሕዝባቸው በጣም የሚቀራረብ ታሪክ አላቸው።

የመጽሐፉ ትልቁ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ፌሪዎች የስውር ዓለም ነዋሪዎች በመሆናቸው፣ ተደብቆ ለመኖር የተገደደ ፍቅር ምሳሌ ሊሆኑ እንደሚችሉ አንባቢ ይገምታል፤ ሎ ግን ነገሩን ገልብጣዋለች። የተሰወረውና አደገኛው፣ ልጅቷን ከሰው ተራ ሊያወጣት የሚችለው፣ ከወንዱ ፌሪ ጋር ያላት ትስስር ነው፤ የሁለቱ ሴቶች ፍቅር ግን በጠራራ ፀሐይ ያድጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነበው፣ አንድ ሰው ተነሥቶ የሚያወግዛቸው መቼ ይሆን እያልኩ በጭንቀት እገልጥ ነበር። ማንም አልተነሣም። የእንጀራ እናቷ ክፋት እንኳ ከዕዳና ከመደብ ኩራት የመነጨ እንጂ ከዚህ ፍቅር ጋር የተያያዘ አይደለም። ይህን ስረዳ የተሰማኝን እፎይታ እስካሁን አልረሳሁትም።

ሲድሂያን የሚስባት በሐዘኗ በኩል ነው፤ ከእርሱ ጋር መሄድ መርሳት፣ ምናልባትም እናቷን መከተል ነው። ካይሳ ግን ፈረስ መጋለብ ታስተምራታለች፣ ስለ ተረት ታወራታለች፣ መልሷንም ሳትቸኩል ትጠብቃለች። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሳሳሙ፣ አሽ በኮርቻው ላይ መደላደል ስትጀምር የሰውነቷን ፍርሃት መልቀቅ እናያለን፤ ለእኔ ከየትኛውም የፍቅር ኑዛዜ የሚበልጠው ይህ ነው።

ደራሲዋ እንደተናገረችው በመጀመሪያው ረቂቅ አሽ የምታፈቅረው ልዑሉን ነበር፤ ልቧ ወደ ሌላዋ ሴት እንደሚያደላ ያስተዋለው ረቂቁን ያነበበ ወዳጅ ነው። በታተመው መጽሐፍ ልዑሉ ጥላ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ጉድለት ነው ብዬ ግን አላዝንበትም። የማዝነው በመዝጊያው ነው። አሽ ከፌሪው ስለ ተቀበለችው ስጦታ ዋጋ የምትከፍልበት ክፍል፣ ያን ያህል ገጽ ስንፈራው ከቆየን በኋላ፣ በጥቂት አንቀጾች ያልቃል፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይገባው ነበር።

እንግሊዝኛው ጥርት ያለና የማያደክም በመሆኑ፣ በቋንቋው ብዙ ያላነበበ ሰውም ይዘልቀዋል። ያንኑ ዓለም ከብዙ ዘመን በፊት የሚያሳየው ሌላው የሎ ልብ ወለድ «ሀንትረስ» እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቷል፤ ሆኖም «አሽ»ን አስቀድማችሁ እንድታነቡ እመክራለሁ።