«በ30 ቀን አንደኛ ገጽ» ለሚሏችሁ ከመክፈላችሁ በፊት

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ እሸጣለሁ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ውጭ አገር ያሉ ናቸው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዳላስ፣ ሲያትል፣ ዱባይ። ሰርግ ወይም ክርስትና ሲደርስባቸው ስልካቸውን አውጥተው ጉግል ላይ ይፈልጋሉ። ስለዚህ አንድ ወጣት ሱቄ ድረስ መጥቶ «ድረ ገጽዎን በ30 ቀን ውስጥ ጉግል ላይ አንደኛ ገጽ እናወጣለን፣ ዋስትናም እንሰጣለን» ሲለኝ ጆሮዬን አቆምኩ። ሳሩን አይቼ ገደሉን ሳላይ 45,000 ብር በቅድሚያ ከፈልኩ። የድርጅቱን ስም አልጽፍም። ስም ነገ ይቀየራል፤ ዘዴው ግን ያው ስለሆነ እሱን ልንገራችሁ።

በ30ኛው ቀን ሪፖርት መጣ። እውነትም አንደኛ ወጥተናል። የተፈለገው ሐረግ ግን ይህ ነው፦ «በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ጥራቱን የጠበቀ የእጅ ሥራ የሀበሻ ቀሚስ መሸጫ»። ይህን ሁሉ በአውራ ጣቷ የምትጽፍ ሙሽራ የት አለች? ብቻውን ሮጦ ዋንጫ እንደሚወስድ ሰው ነበርን። «የሀበሻ ቀሚስ» ተብሎ ሲፈለግስ ብዬ ብጠይቀው የሱቄን ኮምፒውተር ወደ ራሱ አዙሮ ፈለገና ሦስተኛ ላይ አሳየኝ። ጉግል ውጤቱን የሚያቀርበው ፈላጊው ያለበትን ቦታና የቀድሞ ፍለጋውን ጭምር እያየ ነው። ቀኑን ሙሉ የራሴን ድረ ገጽ በምከፍትበት ኮምፒውተር፣ ያውም ሽሮ ሜዳ ተቀምጦ፣ ባይገኝ ነበር የሚገርመው። ዳላስ ያለች እህቴ በስልኳ ስትፈልግ እስከ አምስተኛው ገጽ ወርዳ አጣችን።

በሁለተኛው ወር ትእዛዝ ጭራሽ ቀነሰ። የእህቴ ልጅ የድረ ገጽ ሥራ የሚያውቅ ልጅ ነውና ይየው ብዬ ጠራሁት። የፊት ገጹን ከፍቶ ወደ ታች ወረደና ኮንትሮልን ከኤ ጋር አንድ ላይ ተጫነ። ባዶ ነጭ ቦታ ነው ብዬ ስመለከተው የኖርኩት ሁሉ በሰማያዊ ተጥለቀለቀ። በነጭ ላይ በነጭ የተጻፈ «የሀበሻ ቀሚስ የሐበሻ ቀሚስ የሀበሻ ልብስ ርካሽ ቀሚስ» እየተደጋገመ ይወርዳል፤ ሰው እንዳያየው ተደብቆ፣ ማሽን ግን እንዲያነበው። ጉግል ይህን በግልጽ ከከለከለ ስንት ዘመኑ፤ ልጁ ማመን አቅቶት ሳቀ፣ እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

ቀጥሎ 40 ገጾች አገኘ። አንዱ ስለ ዳላስ፣ አንዱ ስለ ሲያትል፣ አንዱ ስለ ቴል አቪቭ ይላል። የከተማው ስም ብቻ ተቀይሮ ጽሑፉ ከቃል እስከ ነጥብ አንድ ነው። ለፍለጋ ማሽን ብቻ ተብለው በሚሠሩ ገጾች ምክንያት ጉግል በ2006 የቢኤምደብሊውን የጀርመን ድረ ገጽ ሳይቀር ከውጤቱ አውጥቶት ነበር። እኔ ከማን እበልጣለሁ? ደግሞ «ሀበሻ» በሃሌታው ሀ እና «ሐበሻ» በሐመሩ ሐ ለየብቻ ገጽ ያስፈልጋቸዋል ተብዬ ተጨማሪ ከፍያለሁ። ሰው በሁለቱም እንደሚጽፍ እውነት ነው። ለዚያ ግን አንዱን አጻጻፍ በርዕሱ፣ ሌላውን በጽሑፉ ውስጥ በወጉ ማስገባት ይበቃ ነበር። ይልቅስ ቢነግሩኝ ኖሮ ይረባኝ የነበረው ሌላ ነው፦ የዋጋ ዝርዝሬ በሙሉ ፎቶ ላይ የተጻፈ ስለነበር እንደ ጽሑፍ ሊነበብ አይችልም ነበር።

የከፋው ሊንኩ ነው፤ ማለትም ሲነኩት ከአንድ ድረ ገጽ ወደ ሌላው የሚወስደው ማያያዣ። ጉግል ከተመሠረተበት ከ1998 ጀምሮ ሌላ ድረ ገጽ ወደ እናንተ ሊንክ ሲያደርግ እንደ ምስክርነት ይቆጥርላችኋል። ምስክር ዋጋ ካለው ደግሞ የሐሰት ምስክር ገበያ ይወጣል። ሰርች ኮንሶል የተባለውን የጉግል ነጻ መሣሪያ ከፍተን የሊንኮቹን ዝርዝር ብናይ የቁማር ቤት፣ የአራጣ ብድር፣ በማናውቃቸው ቋንቋዎች የተጻፉ ገጾች ሁሉ ለቀሚስ መስክረውልኛል! ከጎኑ ደግሞ ከጉግል የመጣ የቅጣት መልእክት ተቀምጧል፤ ከተፈጥሮ ውጭ የሆኑ ሊንኮች አሉባችሁ ይላል። «እኔ አላዘዝኩም» ማለት አይሠራም። ጄሲ ፔኒ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ መደብር በ2011 ኒውዮርክ ታይምስ የተገዙ ሊንኮቹን ሲያጋልጥ አላውቅም ብሎ ቀጥሮት የነበረውን ድርጅት አሰናበተ፤ ከውጤቱ ግርጌ የወረደው ግን መደብሩ ራሱ ነው። የሚቀጣው ድረ ገጹ ነው፤ ባለሙያው ገንዘቡን ይዞ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ይሄዳል።

እንግዲህ «አንደኛ እናወጣችኋለን» የሚል ሰው ሲመጣባችሁ አንደኛ ደረጃን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል ጉግል ራሱ እንደሚናገር አስታውሱት። የጉግል ሰዎች ጥሩ ሥራ እንኳን ውጤቱ እስኪታይ ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈጃል ይላሉ። ሊንክ የምታመጣባቸውን ድረ ገጾች አንድ በአንድ ጻፍልኝ በሉት፤ «የንግድ ምሥጢር ነው» ካለ ቡናውን አስጠጥታችሁ ሸኙት። የምትከፍሉት ለማስታወቂያ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ማስታወቂያ መሆኑ ተጽፎበት ይወጣል፣ ብሩ ሲቆም እሱም ይቆማል። ሰርች ኮንሶሉን በራሳችሁ ኢሜይል ክፈቱ፤ ባለሙያውን በተጠቃሚነት አስገቡት እንጂ ባለቤት አታድርጉት።

ዶሜይኑንም፣ ማለትም የድረ ገጻችሁን አድራሻ፣ እንደዚሁ በራሳችሁ ስም ያዙ። እኛ የተደበቀውን ጽሑፍና 40ውን ገጽ አጠፋን፣ የቆሸሹትን ሊንኮች ዘርዝረን እንዳይቆጠሩብን አመለከትን፣ ይታይልን ብለን ጻፍን፤ ከሳምንታት በኋላ ቅጣቱ ተነሣ። ደስታችን ሳይበርድ የዶሜይኑ እድሳት ደረሰ። ለካ «እናድስልዎታለን» ብለው ሲወስዱት በራሳቸው ስም አዙረውት ኖሯል፤ ለመመለስ 20,000 ብር ጠየቁ። አልከፈልኩም። አዲስ ዶሜይን በራሴ ስም አስመዝግቤ ከዜሮ ጀምሬያለሁ። የድሮው አድራሻ የታተመባቸው 500 የወረቀት ከረጢቶች መጋዘን ውስጥ አሉ፤ አሁን አንድ ቀሚስ በተሸጠ ቁጥር በላያቸው ወረቀት እየለጠፍን እንሰጣለን።