ኢቲሞንላይን፦ የቦታ ስም ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ የምታዩበት ዲክሽነሪ

እንግሊዝኛ ስታነቡ የምታውቁት የከተማ ወይ የአገር ስም ያለቦታው እየመጣ ግራ ካጋባችሁ ኢቲሞንላይንን ሞክሩት፣ ዳግላስ ሃርፐር የሚባል ሰው የጀመረው የቃላት አመጣጥ ዲክሽነሪ ነው፣ በነፃ ነው ደግሞ። በጣም ነው የምወደው።

ተራ ዲክሽነሪ ላይ ቤድላም ብላችሁ ብትፈልጉ ትርምስ፣ ቀውጢ ይላችኋል፣ አለቀ። እዚህ ግን ቃሉ ቤተልሔም እንደሆነ ታገኛላችሁ፣ አዎ፣ ጌታ የተወለደባት ቤተልሔም! እ.ኤ.አ በ1247 ለንደን ውስጥ በቤተልሔሟ ማርያም ስም ገዳም ተመሠረተ፣ ቆይቶ የአእምሮ ህመምተኞች ሆስፒታል ሆነ፣ ሰዉ ስሙን አሳጥሮ ቤድላም አለው፣ ከዛ የትኛውም የአእምሮ ሆስፒታል በዚሁ ስም ይጠራ ጀመር፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ጭራሽ ትርምስ ያለበት ቦታ ሁሉ ቤድላም ተባለ። ያኔ ሰው እየሄደ በሽተኞቹን እንደ ትርኢት ያይ ነበር፣ እሱን ካወቅኩ በኋላ ቃሉን እንደዋዛ መጠቀም ይከብደኛል።

ቢኪኒም ያሳዝናል። ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ማርሻል ደሴቶች ውስጥ ያለ ቦታ ነው፣ አሜሪካ የአቶም ቦምብ ልትሞክርበት ነዋሪዎቹን አስነሳች፣ ጁላይ 1946 ላይ ቦምቡ በፈነዳ በቀናት ውስጥ ሉዊ ሬያር የሚባል ፈረንሳዊ ፓሪስ ላይ አዲሱን የዋና ልብስ በዚሁ ስም አወጣው፣ አሁን ስሙ ሲነሳ ማን ደሴቱን ያስባል?

ዴኒም የሚባለው የጂንስ ጨርቅ ስም ከፈረንሳዩ ከተማ ኒም፣ ጂንስ የሚለው ደግሞ ከጣሊያኑ ከተማ ጄኖዋ የመጡ ናቸው። ተርኪ ግን ይገርማል፣ መጀመሪያ በቱርክ በኩል ይመጣል የተባለው ጅግራ ነበር ስሙን የያዘው፣ በኋላ ከአሜሪካ የመጣው ትልቁ ወፍ ወሰደበት፣ ስለዚህ ዛሬ ተርኪ የሚባለው ወፍ አገሩ ቱርክ አይደለም።

የማይመቸኝ ነገር አጻጻፉ ነው፣ ምህፃረ ቃል ይበዛዋል፣ ኮከብ ምልክት ያለባቸው ቃላት ደግሞ ተጽፈው የተገኙ ሳይሆኑ ምሁራን በግምት መልሰው የገነቧቸው ናቸው፣ ይሄን ሳያውቅ ለሚገባ ሰው ይከብዳል። ዓመቶቹንም ስታዩ ተጠንቀቁ፣ ቃሉ በጽሑፍ መጀመሪያ የተገኘበት ጊዜ ነው እንጂ ሰው ከዛ በፊት በአፉ ሲለው ሊኖር ይችላል። በተለይ ትርጉም የምትሠሩ ልጆች ግን የቦታ ስም በትንሽ ፊደል ተጽፎ ባያችሁ ቁጥር መጀመሪያ እዚህ ግቡ።