አባ ጠንክር በ8 ሰዓት ዳኑ፣ እኔ በ6 ሳምንት

ጃንዋሪ ላይ በረዶ አዳልጦኝ ቁርጭምጭሚቴን ሰበርኩ። እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከቤቴ ደጃፍ፣ ቆሻሻ ልጥል ስወጣ። ጀግንነት የለበትም። 6 ሳምንት ሶፋ ላይ ተጋደምኩ።

በዚያው ሰሞን እሁድ እሁድ ከእህቴ ልጆች ጋር ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን የተረት ጨዋታ እንጫወት ነበር። በጨዋታው እኔ አባ ጠንክር ነኝ። ድዋርፍ ናቸው፣ የተረት ድንክ፤ ሥራቸው ክለሪክ፣ በድግምት የሚያክም ቄስ፤ ጢማቸው እስከ ቀበቷቸው። አንድ እሁድ ኦገር የሚሉት ግዙፍ አውሬ በዱላ ደቁሷቸው 2 የሕይወት ነጥብ ብቻ ቀረቻቸው። ቡድኑ ዋሻ ውስጥ ጥግ ይዞ ተኛ። 8 ሰዓት። ጠዋት አባ ጠንክር ምንም እንዳልነካቸው ሆነው ተነሱ። እኔ ሶፋው ስር ክራንቼን እየዳበስኩ ነበር።

«ይሄ ነገር ትክክል ነው?» አልኩት ጨዋታውን የሚመራውን የእህቴን ልጅ። 16 ዓመቱ ነው።

«አጎቴ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ መጽሐፉ ነው እንደዛ የሚለው።»

እስቲ መጽሐፉን እንየው።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፦ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ ዝም የሚለው አድማጭ፣ እዚህ ጨዋታ ላይ ዝም አይልም። «እኔ በሩን ሰብሬ እገባለሁ» ይላል። መስበሩን ዳይስ ይወስናል። አንድ ሰው ተረቱን ይመራል፣ ሌሎቻችን እያንዳንዳችን አንድ ሰው ሆነን እንገባለን። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት የአሜሪካ ጨዋታ ነው። እኔ የማወራው በ2024 ስለወጣው አዲሱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ነው። 384 ገጽ፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ዋጋ 49 ዶላር ከ99 ሳንቲም። ስለ ስዕሉም ስለ ሌላውም ሌሎች ይጻፉ። እኔ የቡድኑ ሐኪም ስለሆንኩ የማየው ሕክምናውን ነው።

ሐኪም የሆንኩት ወድጄ አይደለም። ዘግይቼ ስለገባሁ የተረፈችውን ሰጡኝ። ክለሪክ የሚሆን ሰው ሁሌም ተለምኖ ነው። ምክንያቱም ከአዲሱ በፊት በነበረው በ2014ቱ መጽሐፍ ማከም አሰልቺ ነበር። ሒሳቡ ይኸው፦ ኦገር በአንድ ምት በአማካይ 13 ነጥብ ይወስዳል። ኪዩር ዉንድስ የሚባለው ድግምት አንድ ባለ 8 ገጽ ዳይስ ነበር። የእኔ የችሎታ ጭማሪ፣ 3፣ ሲደመርበት በአማካይ 7 ተኩል ይመልሳል። ተራህን ሙሉ አባክነህ የምትሰጠው ፈውስ፣ አውሬው ከሚያደርሰው ጉዳት ግማሹን ትንሽ ቢያልፍ ነው። በተቀደደ ከረጢት ጤፍ መስፈር ማለት ይሄ ነው። አዲሱ መጽሐፍ ዳይሱን ሁለት አድርጎታል። አማካዩ 12 ሆነ። ከኦገሩ ጋር ተቀራረብን ማለት ነው። አሁን ሳክም ሰው «እሰይ» ይለኛል።

ሌላው የወደድኩት መድኃኒት መጠጣቱ ነው። በ50 ወርቅ የሚሸጠውን የፈውስ ብልቃጥ ለመጠጣት ድሮ ተራህን ታቃጥላለህ። ስለዚህ ማንም አይጠጣም ነበር፤ ሁሉም ለክፉ ቀን እያለ ተሸክሞት ይዞራል፣ ክፉው ቀን መጥቶ ያልፋል፣ ብልቃጡ ከነክዳኑ ይተርፋል። አሁን በቦነስ አክሽን፣ በተራህ ላይ በምትመረቅልህ ትንሽ ድርጊት፣ ይጠጣል። ጠጥተህ እዚያው ትመታለህ። ትንሽ ለውጥ ናት፣ ግን ጠረጴዛችን ላይ ብልቃጥ መጠጣት የተጀመረው ገና አሁን ነው።

እስከዚህ ድረስ እጅ ነሥቻለሁ። ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

የእህቴ ትንሿ ልጅ ሌባ ናት። በጨዋታው ማለቴ ነው። ነጥቧ ዜሮ ሲገባ ራሷን ስታ ትወድቃለች፣ ከዚያ በየተራዋ ባለ 20 ገጹን ዳይስ ትጥላለች። 10 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ተሳካ፣ ከዚያ በታች ከሆነ ከሸፈ። ሦስት ከተሳካ ትረጋጋለች፣ ሦስት ከከሸፈ ሞት ነው። 1 ከመጣ እንደ ሁለት ክሽፈት ይቆጠራል። መጀመሪያ የወደቀች ቀን ዳይሱን ጣለች፤ 1። ቤቱ ጸጥ አለ። ወንድሟ እንኳ ብዕሩን አስቀመጠ። ልጅቷ ትንፋሿን ውጣ እኔን ታያለች። እኔ ከአዳራሹ ወዲያ ማዶ ነኝ፤ ግን ሂሊንግ ወርድ የሚባለው የፈውስ ድግምት 60 ጫማ ድረስ ይሠራል። አንዲት ቃል ተናገርኩ፣ ተነሳች። የቆጠረችው ክሽፈት በሙሉ ተሰረዘ። ጮኸን፣ ተቃቀፍን።

በሚቀጥለው ዙር ደግማ ወደቀች። ደግሜ አስነሳኋት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትወድቅ ፈንዲሻዋን እየበላች ነበር።

ችግሩ ይሄ ነው። መውደቅ ምንም አያስከፍልም። እንዲያውም አዲሱ መጽሐፍ ሂሊንግ ወርድንም ዳይሱን እጥፍ አድርጎ አበርትቶታል፣ ስለዚህ ወድቆ መነሳቱ ይበልጥ ረከሰ። ፓዝፋይንደር የተባለው ተፎካካሪ ጨዋታ ሁለተኛ እትሙ ላይ ይህን አስቦበታል። እዚያ ወድቀህ ስትነሳ «ቁስለኛ» የሚል ምልክት ይዘህ ነው የምትነሳው፣ በሚቀጥለው ስትወድቅ ወደ ሞት በዚያው መጠን ቀርበህ ነው። ሦስተኛው ላይ ፈንዲሻ የሚበላ የለም።

ከዚያ የረጅሙ እረፍት ነገር አለ። በ2014ቱ መጽሐፍ 8 ሰዓት ስትተኛ ነጥብህ ሁሉ ይመለሳል፣ ሂት ዳይስ የሚባሉት ግን ግማሾቹ ብቻ። ሂት ዳይስ ማለት በአጭር እረፍት፣ አንድ ሰዓት ቁጭ ስትል፣ እየጣልክ ራስህን የምታክምባቸው ናቸው። የሰውነት ስንቅ በላቸው። ከሁለት ቀን ጦርነት በኋላ ስንቅህ እንደጎደለ ይሰማሃል። ያቺ ጉድለት ብቻ ነበረች ድካም የምትመስለው። በ2024 እሷንም አነሷት። አሁን ሁሉም በአንድ ሌሊት ይሞላል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ የአባቱን አሮጌ መጽሐፍ አውሶኝ አየሁት፣ የ1979ኙን። እዚያ በቀን የሚመለስልህ አንድ ነጥብ ነው። አንድ! 4 ሳምንት ሙሉ ከተኛህ ብቻ ሁሉም ይመለሳል። እግሬ ትራስ ላይ ተሰቅሎ ሳነበው «እነዚህስ ታመው ያውቃሉ» አልኩ።

በአማርኛ መዳንና ማገገም ሁለት ነገር ናቸው። ሐኪሙ ድነሃል ብሎ ያሰናብትሃል፣ ከዚያ ደግሞ ታገግማለህ። አራስ ወልዳ በማግስቱ ገበያ አትወጣም። አዲሱ መጽሐፍ መዳንን አሳምሮ ያውቃል። ማገገም የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ቀየርን። አንደኛ፣ ዜሮ የገባ ሰው ሲነሳ አንድ ደረጃ የድካም ቅጣት ይይዛል። ቅጣቱ አዲሱ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው፤ በየደረጃው ባለ 20 ገጹ ላይ 2 ይቀነስብሃል፣ 6 ከደረሰ ትሞታለህ። ለመውደቅ ያዋልነው እኛ ነን። ሁለተኛ፣ የ2014ቱ የጨዋታ መሪ መጽሐፍ ውስጥ ካለ አማራጭ ሕግ ወሰድን፦ አጭሩ እረፍት 8 ሰዓት፣ ረጅሙ 7 ቀን።

ሰባቱ ቀን ጨዋታውን ገለባበጠው። የእኔም ድግምት የሚመለሰው በሳምንት ስለሆነ አባ ጠንክር ሰሰቱ። አንድ ጊዜ ነጥባችን እስኪሞላ እንግዳ ማረፊያ ተኝተን ስንመለስ፣ ጎብሊን የሚባሉት ትንንሽ ጠላቶቻችን ዋሻውን ለቀው ሄደዋል፣ ያፈኑትንም ነጋዴ ይዘውት። ልጅቷ ሁለት ሰዓት አኮረፈችኝ። እህቴ ደግሞ ከኩሽና «ለቁስለኛው አጥሚት እንኳ አትሰጡትም እንዴ?» አለች። ልጇ ወዲያው ጻፈው፦ የማረፊያው ባለቤት አጥሚት ታፈላለች፣ የጠጣ ሰው በሂት ዳይሱ ላይ 1 ይጨምራል። መጽሐፉ ውስጥ የለም፣ ግን ከመጽሐፉ ይሻላል።

አንድ የሚያናድድ ነገር ልጨምር። ሕክምናው በሦስት ቦታ ተበታትኗል፦ ጉዳትና ፈውስ ምዕራፍ 1፣ ድግምቶቹ ምዕራፍ 7፣ እረፍትና ድካም መጨረሻ ያለው የቃላት መፍቻ። ሰው ሊሞት ሲል ገጽ ይገለጣል። እኔ ስቲከር ለጥፌበታለሁ።

ይገዛ? ልጆች ካሉህና ጀማሪ ከሆንክ አዎ። የተጋጋለ ጨዋታ ነው፣ ማንም ሐኪም በመሆኑ አይቆጭም። አዲስ አበባ ላለ፣ የውጭ ካርድ ለሌለው ሰው ግን 50 ዶላር አያስፈልግም። ዋናዎቹ ሕጎች በነጻ ፈቃድ ተለቀዋል፤ የ2014ቱ በ2023፣ አዲሶቹ በ2025። ስልክህ ላይ አውርደህ ዳይስ ብቻ ፈልግ። የፓዝፋይንደርም ሕግ አርካይቭስ ኦቭ ኔቲስ በሚባል ድረ ገጽ በነጻ ይነበባል።

አባ ጠንክር አሁን ማረፊያው ውስጥ አምስተኛ ቀናቸው ነው። ሁለት ይቀራቸዋል። ባለፈው እሁድ ሌባዋ ብርቱካን ይዛ ልትጠይቃቸው መጣች። ከየት እንዳመጣችው አልጠየቅኳትም።