ለልጄ የዜግነት መምህርት ምስጋና፣ ለጅማ ትምህርት ቤቶችም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው እዚሁ ጅማ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት ለምታስተምር መምህርት ነው። ልጆቹ "ቲቸር" ነው የሚሏት። ስሟን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ እንዳላወጣ ጠይቃኛለች፤ አከብርላታለሁ። ምስጋናዬን ግን የከተማው ሰው እንዲሰማው እፈልጋለሁ። የአሥረኛ ክፍል ልጄን በደንብ አድርጋ አስተምራልኛለች።

ይህ ትምህርት በየቤታችን እንዴት እንደሚታይ እናውቃለን። ለሒሳብና ለፊዚክስ አስጠኚ እንቀጥራለን፤ ዜግነት ግን "ፈተና ሲደርስ ይነበባል" ይባላል። ታላቋ ልጄ የተማረችው "ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር" በሚባልበት ጊዜ ነው። መጽሐፉ 11 ምዕራፍ ነበረው፤ ከዴሞክራሲና ከሕግ የበላይነት ጀምሮ እስከ ቁጠባና እውቀትን መሻት ይዘልቃል። ልጅቷ ሁሉንም በቃሏ ትወጣቸው ነበር። አንዱን እንኳ በተግባር እንድትሞክረው ግን ዕድሉን የሰጣት አልነበረም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ የዜግነት ትምህርት ከሁለተኛ ደረጃ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ብቻ ነው የሚሰጠው። ጊዜው አጭር ስለሆነ የሚያስተምረው ሰው ማንነት ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

የመማሪያ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። ልጆቹ ደግሞ ቤታቸው አፋን ኦሮሞ ወይም አማርኛ ነው የሚናገሩት። ስለዚህ ቲቸር በ1987 የጸደቀውን ሕገ መንግሥት ራሱን ክፍል ይዛ ትገባለች። ስለ መብት የሚናገሩት ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ያሉት ናቸው። አንዱን አንቀጽ ያነባሉ፤ ከዚያ በሚቀላቸው ቋንቋ ይወያያሉ። አንቀጽ 36 ላይ ሲደርሱ ሕጻናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው አነበቡ። ልጄ ማታ ራት ላይ ይህን ሲያነሳ አባቱም እኔም እንዲህ በግልጽ መጻፉን አናውቅም ነበር።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ምስለ ችሎቱን ነው፤ ተማሪዎች እንደ ጠበቃና እንደ ዳኛ ሆነው የሚከራከሩበትና የሚፈርዱበት ልምምድ ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በምስለ ችሎት ያወዳድራል፤ ትምህርት ቤቶችን ወክለው የሚቀርቡት ግን ጥቂት ጎበዞች ናቸው። እሷ ያንኑ መንገድ ለክፍሉ ሁሉ አመጣችው። ጉዳዩን ራሷ ነው የጻፈችው። አንድ ተማሪ ስልክ ሰርቀሃል ተብሎ ይጠረጠራል፤ ምን ትላለህ ሳይባል ከትምህርት ይታገዳል። ልጄ ለተማሪው ሊቆም ፈልጎ ነበር። እሷ ግን ለትምህርት ቤቱ እንዲከራከር መደበችው። የዚያን ቀን አኩርፎ ነው የገባው። ቆይቶ ግን ሕገ መንግሥቱን ገልጦ ቁጭ አለ። ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹህ ይቆጠር የሚለው አንቀጽ 20 ስለተከሰሱ ሰዎች ነው የሚናገረው፤ ትምህርት ቤት ደግሞ ፍርድ ቤት አይደለም ብሎ ተከራከረ። ተቃራኒዋ የነበረችው ልጅ አንቀጽ 36ን ይዛ መጣች። የአስተዳደር አካላትም ሕጻናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወስዱ የልጁን ደኅንነት ማስቀደም አለባቸው ይላል፤ ስለዚህ ሳይሰሙት ማገድ አይቻልም አለች። ዳኞቹም ተማሪዎች ናቸው። ውሳኔያቸውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ነው የሚሰጡት። በሚቀጥለው ዙር ቦታ ተቀያየሩ።

ልጄ ከዚያ ወዲህ ሰው ሲናገር አያቋርጥም። በተለይ ከታናሽ እህቱ ጋር ሲጣላ ለውጡን አያለሁ። እናት ስለሆንኩ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላም ሥራ ሰጥታቸው ነበር። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለው ቦይ በቆሻሻ ተደፍኖ ክረምት ላይ መንገዱን ውሃ ያጥለቀልቀዋል። የትኛው ቢሮ እንደሚመለከተው ልጆቹ ራሳቸው አጣሩ። ማመልከቻ ጻፉ፣ መዝገብ ቤት ገቢ አደረጉ፣ ቁጥር የተሰጠበትን ግልባጭ ይዘው ተመለሱ። መልሱ ቶሎ አልመጣም። እሷም "ተከታተሉ፤ ስትጠይቁ ግን በአክብሮት ይሁን" አለቻቸው። እስካሁን እየተከታተሉ ነው። ቦዩን ባለፈው ቅዳሜ በራሳቸው ጉልበት በከፊል ጠርገውታል፤ ማመልከቻው ግን እንዳለ ነው።

አንዳንድ ወላጆች "መብት መብት እያሉ ልጆቹ ስድ ይሆናሉ" ሲሉ ሰምቻለሁ። ስጋቱ ይገባኛል። ያየሁት ግን ሌላ ነው። መብትን ከነአንቀጹ የሚያውቅ ልጅ ከመጮኹ በፊት ማስረጃ ይፈልጋል። "ይሄ ከውጭ የመጣ ነው" የሚሉም አሉ። የሰብአዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ በታኅሣሥ 1941 ሲጸድቅ የድጋፍ ድምፃቸውን ከሰጡት 48 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ይህንንም ልጆቹ ከቲቸር ነው የሰሙት።

እንግዲህ ጥቆማዬ ይሄ ነው። ርእሳነ መምህራን፣ የወላጅ መምህር ኅብረት አባላት፣ የዜግነት መምህራን፣ እባካችሁ ጋብዟት። አሠራሯን ለሌሎች መምህራን ለማሳየት ፈቃደኛ ናት፤ ቅዳሜ ጠዋት ይመቻታል። ጅማ ውስጥ የኮሚሽኑ ጽሕፈት ቤት አለ፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የሕግ ትምህርት ቤት አለው። ትምህርት ቤቶች ደብዳቤ ጽፈው ባለሙያ ቢጠይቁ ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የምስለ ችሎቱን ወረቀት የምታባዛው ከኪሷ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁ የከተማችን ሰዎች በዚህ ብታግዟት ደስ ይለኛል። የሕገ መንግሥቱ ቅጂ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ካለም ለክፍሉ ይስጥ፤ አሁን አንዱን ለአራት ለአምስት ሆነው ነው የሚያነቡት። ልታገኟት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።

ቲቸር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።