ለደንበኛ ስዕል ማሳያ፦ ትሩቪው ወይስ አውቶዴስክ ቪወር?

ደንበኛህ አውቶካድ (ስዕሉን የሠራህበት ፕሮግራም) የለውም፤ እንዲገዛም አትጠብቅ። እሱ የሚፈልገው ማየት ብቻ ነው። ከአውቶካድ ሠሪው ከአውቶዴስክ ሁለት ነፃ አማራጮች አሉ።

ዲደብልዩጂ ትሩቪው ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፣ ያውም ዊንዶውስ ላይ ብቻ። ማክ ያለው ደንበኛ ከጅምሩ ወጣ። ፕሮግራሙም ከባድ ነው፤ ኢንተርኔቱ ደካማ ከሆነ ማውረዱ ራሱ ሥራ ነው። አንዴ ከተጫነ ግን ያለ ኢንተርኔት ይከፍታል፣ በስኬል ያትማል፣ ፋይሉን ወደ ቆየ ቨርዥን ይቀይራል። ለኮንትራክተር ይሄ ይሻላል።

አውቶዴስክ ቪወር በብሮውዘር ይሠራል። ፋይሉን አንተ ድረ ገጹ ላይ ትጭናለህ፣ ሊንኩን ትልካለህ፣ እሱ ይከፍታል። አለቀ። የበሩን ስፋት መለካት፣ ‹‹ይሄ ግድግዳ ይነሳ›› ብሎ እዚያው ስዕሉ ላይ ምልክት ማድረግም ይቻላል። (በስልክ ‹‹የትኛው ግድግዳ?›› ከመባባል ያድናል።) ስዕሉ ግን አውቶዴስክ ሰርቨር ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ሚስጥራዊ ፕሮጀክት ከሆነ አስቀድመህ አስፈቅድ። ቤት ለሚያሠራ ሰው እኔ ሊንኩን ነው የምመርጠው።

ሁለቱም ጋር የማይቀር ጣጣ ኤክስሬፍ ነው፤ ማለትም ዋናው ስዕል ከሌላ ፋይል ጠርቶ የሚያሳየው ስዕል። ዋናውን ፋይል ብቻ ከላክህ የተያያዙት ስዕሎች አይታዩም፤ ደንበኛው ግማሽ ቤት አይቶ ይደነግጣል። ከመላክህ በፊት አውቶካድ ውስጥ ባይንድ አድርገው፤ የተያያዙት ስዕሎች ዋናው ፋይል ውስጥ ይገባሉ።